የአየር ቧንቧ መጋጠሚያ በአንድ ክር ይዙር ወይስ እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ይታሰር?

ይህን የሐኪሞች የጽሑፍ ውይይት የከፈቱት የደረት ቀዶ ሐኪም ጥያቄያቸውን ሳያረዝሙ ነው ያቀረቡት። ለረጅም ጊዜ ከቆየ የመተንፈሻ ቱቦ በኋላ የጠበበ የአየር ቧንቧ አለ። ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የቀሩት ጫፎች እርስ በርስ ይጋጠማሉ። እሳቸው ዙሪያውን በሙሉ በ4-0 (የክሩ ውፍረት ቁጥር ነው) ፒዲኤስ፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ በሚሟሟ ክር፣ ተከታታይ ስፌት መዝጋት ይመርጣሉ። ቋጠሮው ሁለት ብቻ ይሆናል፣ ጊዜ ይቆጠባል፣ ውጥረቱም በክሩ ርዝመት ላይ እኩል ይከፋፈላል የሚሉ ምክንያቶች አቅርበዋል። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ሦስት አራት መልስ ተሰጥቶበት ያልቅ ነበር። ግን የስፌት ዓይነት ውጤት አይለውጥም፣ ሃያ ገደማ ነጠላ ስፌት እየቋጠሩ መዋል ልማድ ብቻ ነው ብለው ደመደሙ። ውይይቱን ያቀጣጠለው ይህ ድምዳሜ ነው።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ነው የገቡት። ለኋላው ለስላሳ ግድግዳ ተከታታይ ስፌት ብዙ ማዕከላት የሚሠሩበት መንገድ መሆኑን ተቀብለዋል። እዚያ ልም አጥንት ስለሌለ ጨርቁ ይለጠጣል፣ ክሩም ተስተካክሎ ይቀመጣል። ከፊት ባሉት የልም አጥንት ቀለበቶች ቅስት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ክሩ ሲጠብቅ ዙሪያውን እንደ ከረጢት አፍ ይሰበስባል፤ በአንድ ቦታ ሲላላ ደግሞ መስመሩ ሁሉ ይላላል። አንድ ነጠላ ስፌት ቀለበቱን ሰንጥቆ ቢወጣ ግራና ቀኙ ያሉት ይይዛሉ። ተከታታዩ ሰንጥቆ ቢወጣ የሚይዝለት የለም።

መልስ 2። ቀጣዩ መላሽ ስለ ስፌት ሳይሆን ስለ መለኪያ ነው የጠየቁት። ውጤት አይለወጥም ሲባል የተቆጠረው ምንድን ነው? ጤናማ የአዋቂ ሰው የአየር ቧንቧ ውስጡ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ሰው በእንቅስቃሴ ጊዜ ትንፋሽ የሚያጥረው ስፋቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ነው፤ ተቀምጦም የሚቸገረው 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ስፌቱ መስመሩን ሰብስቦ ከስፋቱ አንድ ሦስተኛ ቢወስድም በሽተኛው ደህና ነኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ችግሩ የሚወጣው በኋላ ነው፤ ጉንፋን ይዞት ሽፋኑ ሲያብጥ፣ ወይም አክታ ሲይዘው። አየሩ በሰላም በሚፈስበት ሁኔታ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የፍሰቱ ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል፤ አየሩ ሲናወጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የሞተውንና የተላቀቀውን ብቻ የሚቆጥር ጥናት ይህን አያይም። ከጠቅላላው ውይይት በጣም የጠቀመኝ ይህ መልስ ነው፤ ጥያቄውን ከክሩ ወደ በሽተኛው አዙሮታል።

መልስ 3። እዚህ ላይ መጋጠሚያውን የሚጎትተው ውጥረት ጉዳይ ተነሣ። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1961 በውሾች ላይ የተደረገውን ሙከራ ጠቅሰዋል። በዚያ ሙከራ መጋጠሚያው ላይ ያለው ጉተታ ከ1700 ግራም ሲያልፍ የተሰፉት ጫፎች ተለያዩ። ቀጥሎ በ1968 በአስከሬን ላይ የተሠራውን ጠቅሰዋል፤ አንገት መጠነኛ ታጥፎ የአየር ቧንቧው ፊት በደረት ውስጥ ጭምር ከዙሪያው ሥጋ ሲላቀቅ፣ ከ1000 እስከ 1200 ግራም ባለው ጉተታ 4.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ማውጣት ተችሏል። ይህ ወደ ሰባት ቀለበት ማለት ነው። ነጥባቸው ግልጽ ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ከዙሪያው ሥጋ በደንብ የተላቀቀ ቧንቧ በየትኛውም ስፌት ይድናል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ደግሞ የትኛውም ስፌት አያድነውም። ስፌት ጫፎቹን ያገናኛል፤ የሚጎትተውን ሸክም ግን መሸከም የለበትም።

መልስ 4። አራተኛው መልስ በሦስተኛው ላይ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል። ውጥረት ለመቀነስ ተብሎ ዙሪያውን ማላቀቅ ሌላ ጥፋት ይጠራል። የአየር ቧንቧ ደሙን የሚያገኘው ከጎን ነው። የላይኛው ክፍል ከታችኛው የታይሮይድ ደም ወሳጅ፣ የታችኛው ከብሮንካይ ደም ወሳጆች ይመገባል፤ ትንንሾቹ ቅርንጫፎች በቀለበቶቹ መካከል እየተሻገሩ ይገባሉ። ከፊትና ከኋላ መላቀቅ ይቻላል፣ ጎኑ ግን ይጠበቃል። በሚቀረው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የሚገለጠው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ ጫፍ በቀዶ ጥገናው ዕለት ደህና ይመስላል፤ በሳምንቱ ግን ሙኮሳው፣ ማለትም የውስጥ ሽፋኑ፣ ይነጣል፣ ቀለበቱ ይለሰልሳል፣ ስፌቱም የሞተ ልም አጥንት ይዞ ይቀራል። ወደ ጎን ሲጠጉም ቢላው ቧንቧውን ተጠግቶ መሄድ አለበት፤ የድምፅ አውታሩ ነርቭ በቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መካከል ባለው ስርጉድ ውስጥ ያልፋልና፣ ጠባሳ ውስጥ ሲፈልጉት የሚጎዳ ነርቭ ነው።

መልስ 5። ወደ ክሩ ዓይነት የመለሱት እኚህ ናቸው። በቀድሞው ዘመን በማይሟሟ ክር ይሠራ በነበረ ጊዜ በስፌቱ መስመር ላይ ቀይ የቁስል ሥጋ እየበቀለ ብሮንኮስኮፕ (የአየር ቧንቧን ውስጥ ማያ መሣሪያ) ይዞ ደጋግሞ መላጨት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቪክሪል የተባለው የሚሟሟ ክር ለዚህ ሥራ መዋል ሲጀምር ያ ችግር በጣም ቀነሰ። ስለዚህ ስፌት ውጤት አይለውጥም የሚለው አባባል በታሪክ ራሱ ውድቅ ነው ብለዋል፤ ጠጠር ያለ ግን ተገቢ መልስ።

መልስ 6። መልስ 5ን የሚያርም ነው። ቪክሪል የተጎነጎነ ክር ነው፤ በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሲያልፍ ይፈገፍጋል፣ ጥንካሬውም በሦስተኛው ሳምንት በግማሽ ይወርዳል፣ ከ56 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሟሟል። ፒዲኤስ ያልተጎነጎነ አንድ ወጥ ክር ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ጥንካሬውንም ረዘም ላለ ጊዜ ይዞ ይቆያል፤ ሙሉ በሙሉ ለመሟሟት ግን ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ለተከታታይ ስፌት የሚንሸራተተው ያስፈልጋል፤ በቪክሪል ተከታታይ መስፋት ክሩ በየቀዳዳው ስለሚያዝ ጥብቀቱ እኩል አይሆንም። ለነጠላ ስፌት ቪክሪል ቋጠሮው በደንብ ይይዛል። ፒዲኤስ ደግሞ ቋጠሮው እንዳይፈታ ተጨማሪ ድርብ ይጠይቃል፤ ያ ጠንካራ ጭራም አጠገቡ ያለውን ይወጋል። ልዩነቱ ይህ ነው እንጂ አንዱ ዘመናዊ ሌላው ያረጀ ስለሆነ አይደለም።

መልስ 7። የውይይቱ ረጅሙ መልስ ነው፤ ነጠላ ስፌትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስቀምጧል። መጀመሪያ በሁለቱም ጫፍ፣ ከቁርጡ አንድ ቀለበት ያህል ርቆ፣ በግራና በቀኝ ጎን መሃል መስመር ላይ 2-0 ቪክሪል የመሳቢያ ስፌት ይገባል። ቀጥሎ 4-0 ቪክሪል በኋላው ግድግዳ መሃል ይገባል። ከዚያ በአንዱ ጎን እያንዳንዱ አዲስ ስፌት ካለፈው ወደ ፊት እየቀረበ እስከ መሳቢያው ድረስ ይሄዳል፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ፤ የፊቱ ቅስት መጨረሻ ላይ ይሞላል። ከቁርጡ ጠርዝ 3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ እርስ በርሱም 3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። መርፌው በአንዱ ጫፍ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ በሌላው ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቋጠሮው ውጭ እንዲቀር።

አንዱም ገና አይታሰርም። እያንዳንዱ ጥንድ ጭራ በመቆንጠጫ ተይዞ በቅደም ተከተል በጨርቁ ላይ ይሰካል። እዚህ ላይ ጸሐፊው በጥንቃቄ ቆም ብለዋል፤ አንድ ጥንድ በሌላው ላይ ተሻግሮ ከተሰካ ሲታሰር ሁለቱ ይጠላለፋሉ፣ ያም የሚታወቀው አሥር ስፌት ከታሰረ በኋላ ነው። ሁሉም ሲገቡ ሰመመን ሰጪው ከትከሻ ሥር ያለውን ድጋፍ አውጥቶ አንገቱን ያጥፋል። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኙን መሳቢያ በአንድ ጊዜ ስበው ያስራሉ፤ ጫፎቹ የሚገናኙት በዚህ ነው። ቀጥሎ የፊቱ ስፌቶች ይታሰራሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይኬዳል። የኋላው መሃል መጨረሻ ላይ ሲታሰር ምንም ጉተታ አይቀርበትም፤ ለስላሳው ግድግዳ እንዳይቀደድ የሚያደርገው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

መልስ 8። ሰመመን ሰጪ ናቸው። መልስ 7 ቱቦውን ረስቷል ብለው ጀመሩ። ቧንቧው ሲቆረጥ በአፍ የገባው ቱቦ ወደ ላይ ይሳባል፤ ጫፉ ላይ ክር ይታሰርበታል፣ ተመልሶ ሲፈለግ እንዲገኝ። በታችኛው ጫፍ በጥቅል ሽቦ የተጠናከረ ንጹሕ ቱቦ ከቀዶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ይገባል፤ ስፌት ሲገባ ለጥቂት ጊዜ እየወጣ ተመልሶ ይገባል። ከኋላው ግድግዳ ጋር አብሮ የተሰፋ የቱቦ ባሉን ያጋጥማል፤ አየሩ ሲያመልጥ ጥፋቱ በስፌት መስመሩ ላይ ይላከካል። ሌላው ማሳሰቢያቸው እሳት ነው፤ ቧንቧው በኤሌክትሪክ መቁረጫ በፍጹም አይከፈትም፣ አጠገቡ መቁረጫ መጠቀም ግድ ሲሆንም ኦክስጅኑ አስቀድሞ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። በመጨረሻ መስመሩ ላይ ንጹሕ የጨው ውሃ ይፈስሳል፣ ባሉኑ ይለቀቃል፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ግፊት ይሰጣል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ስፌት ይጨመርበታል። በሽተኛው በጠረጴዛው ላይ ነቅቶ ቱቦው ቢወጣ ይመረጣል፣ አዲሱ መስመር ላይ ግፊትና ባሉን እንዳያድር።

መልስ 9። እዚህ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ውይይቱን የከፈቱትን ሰው ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የበሽተኛን ጉሮሮ ለአደጋ የሚያጋልጡ አድርገው አቀረቧቸው። ነጠላ ስፌት ከተከታታይ የሚበልጥበት ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ነው፣ የተላቀቀ መጋጠሚያ የሚበላው ግን ወራት ነው ብለዋል። ቁም ነገሩ እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን የተጠየቀውን የሚመጥን አልነበረም።

መልስ 10። ከፋቹ ተመለሱ፤ ተቆጥተዋል ግን አልሸሹም። ለመልስ 9 ጊዜ የጠቀሱት ከቁርጡ እስከ መዝጊያ ያለውን የትንፋሽ መቆራረጥ ለማሳጠር እንጂ ቶሎ ለመጨረስ አይደለም ብለዋል። ቀጥለው ግን ያልተናገሩትን ጨመሩ። በሽተኛው የስኳር ሕመም አለበት፣ አሁንም የትራኪኦስቶሚ ቀዳዳ (አንገት ላይ ለመተንፈሻ የተከፈተ) አለው፣ ስቴሮይድም እየወሰደ ነው።

መልስ 11። እንግዲህ ሁሉም ነገር ተቀየረ አሉ አሥራ አንደኛው፤ ከሁሉም በላይ ይህ በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ መኖር ነበረበት። በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በ901 በሽተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውን ጥናት ጠቀሱ። የመጋጠሚያ ችግር የታየው በ81ዱ፣ ማለትም በ9 በመቶ ነው። የስኳር ሕመም ዕድሉን ከሦስት እጥፍ በላይ ያሳድጋል፤ ዳግመኛ ቀዶ ጥገናም ወደ ሦስት እጥፍ፤ 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ማውጣት ሁለት እጥፍ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ትራኪኦስቶሚ ማስፈለጉም ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ በሽተኛ የመጀመሪያው ውሳኔ ክር መምረጥ ሳይሆን ቀኑን ማዘግየት ነው፤ ስቴሮይዱ ይውረድ፣ ስኳሩ ይስተካከል፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሙኮሳ ቅላቱ ይብረድ። ያበጠና የቀላ ጫፍ ላይ 4-0 ክር እንደ ቢላ ይቆርጣል።

መልስ 12። ወደ ሕፃናት ወሰዱት። ሙሉ ክብ ቀለበት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ረጅም ጥበት ሲኖራቸው የተለመደው ማውጣት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1989 በተገለጸው የማንሸራተት ዘዴ ጥበቱ መሃሉ ላይ ተቆርጦ፣ አንዱ ቁራጭ ከፊት ሌላው ከኋላ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራትቶ ይሰፋል። የጠበበው ክፍል ርዝመት በግማሽ ያጥራል፣ ዙሪያው እጥፍ ይሆናል፣ የቀዳዳው የካሬ ስፋት በስሌት አራት እጥፍ። ይህ ረጅም ሰያፍ መስመር ደግሞ በብዙ እጅ በ5-0 ወይም 6-0 ፒዲኤስ ተከታታይ ስፌት ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ተከታታይ ስፌት በልም አጥንት ላይ አይሠራም የሚለው የመልስ 1 ቃል ያለ ገደብ መወሰድ የለበትም። ጠርዞቹ ግን ወደ ውጭ እንዲገለበጡ መሰፋት አለባቸው፤ ወደ ውስጥ ከታጠፉ ውስጡ እንደ 8 ቁጥር ይሆናል።

መልስ 13። መልስ 1ን የጻፉት ተመልሰው እርማቱን ተቀበሉ። ሰያፍ መስመር ጉተታውን በብዙ ሴንቲ ሜትር ላይ ይበትነዋል፤ የአዋቂው ክብ መጋጠሚያ ግን ሁሉንም በአንድ ዙሪያ ላይ ይሸከማል፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው አሉ። እርማት እንዲህ ሲቀበሉ ማየት ደስ ይላል።

መልስ 14። ርዕሱን ለቀቁ። ለምን ይህ ሁሉ ስፌት፣ ሰው ሠራሽ የአየር ቧንቧ እያለ? ብለው ጠየቁ።

መልስ 15። መልሱ አጭርና ስለታም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ተሞከረ፣ በሽተኞች ሞቱበት፣ ቀዶ ሐኪሙም በ2023 በስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም፤ መልስ 4 ጽፎታል። ደም የማይደርሰው ቧንቧ ከየትኛውም ጫፍ ጋር ቢሰፋ አይገጥምም።

መልስ 16። ጫፎቹ ከተገናኙ በኋላ ስላለው ነገር የጻፉ ናቸው። ከአገጭ ሥር እስከ ደረት አጥንት ቆዳ ድረስ የሚዘረጋ ወፍራም ስፌት አንገቱን ለሳምንት ይጠብቃል። ዓላማው በሽተኛው ሳያስበው ቀና እንዳይል ማስታወስ ነው፤ አገጩን ደረቱ ላይ መለጠፍ አይደለም። ከልክ በላይ ታጥፎ የቆየ አንገት የአከርካሪ ገመድን ጎድቶ ሽባነት ያስከተለበት ሁኔታ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ጫፎቹ የሚገናኙት በዚያ ዓይነት ማጠፍ ብቻ ከሆነ፣ ከሃዮይድ አጥንት (ከምላስ ሥር ያለች ትንሽ አጥንት) በላይ ያሉትን ጡንቻዎች ለቆ ማንቁርቱን ማውረድ ነው ያለበት፤ ይህ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል፣ ለጥቂት ጊዜ የመዋጥ ችግር ቢያመጣም። ኢኖሚኔት የሚባለው፣ በአየር ቧንቧው ፊት የሚያልፈው ትልቅ ደም ወሳጅ መስመሩን የሚነካ ከሆነ በመካከላቸው የአንገት ጡንቻ ይገባል።

ስለ አደጋ ምልክቶቹም ጽፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ላይ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ አየር ከቆዳ ሥር መታየት፣ ትንፋሽ ሲሳብ የሚሰማ ፉጨት፣ ቁስሉ ላይ የሚወጣ ደም ቀላቅሎ የያዘ አክታ፤ አንዱ ከታየ በሽተኛው ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተመልሶ በብሮንኮስኮፕ ይታያል። ትንሽ ክፍተት ከሆነ በተከፈተ ቁስልና በጥበቃ ይድናል፤ መጋጠሚያው ዙሪያውን ከተለያየ ቲ ቱቦ (በቲ ፊደል ቅርጽ የተሠራ የመተንፈሻ ቱቦ) ወይም ትራኪኦስቶሚ አየሩን ያስቀጥላል። ምንም ምልክት ባይኖርም በሳምንቱ ገደማ ሳይለቀቅ መስመሩን በዓይን ማየት ይገባል።

መልስ 17። ከፋቹ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፉ። በሽተኛው ስቴሮይዱ እስኪወርድ ይቆያል፤ የኋላው ግድግዳ በተከታታይ ፒዲኤስ፣ ቅስቱ በነጠላ ቪክሪል ይሰፋል። ሲጀምሩ የጻፉትን ድምዳሜም አንስተዋል። የቀራቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ የተከታታዩ ክር ጫፍ ለስላሳው ግድግዳ ከልም አጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ከምን ጋር ይታሰር?

መልስ 18። የመለሱት መልስ 7ን የጻፉት ናቸው። በየጥጉ ለብቻው አንድ ነጠላ ስፌት አስቀድሞ ይግባ፤ የተከታታዩ ጫፍ ከእሱ ጭራ ጋር ይታሰር፣ ከመጀመሪያው የቅስት ስፌት ጋር ግን አይያያዝ፤ አንዱ ሲላላ ሌላውን እንዳይወስድ። ተከታታዩም መሳቢያዎቹ ታስረው ጫፎቹ ከተገናኙ በኋላ ነው የሚጠብቀው፤ ቀድሞ ከጠበቀ ለስላሳው ግድግዳ ጉተታውን ሁሉ ይሸከማል፣ ይቀደዳልም። በጨው ውሃው ፈተና ጊዜ መጀመሪያ የሚታዩት ሁለቱ ጥጎች ናቸው፤ አረፋ ከየትም ቢወጣ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የጻፈ የለም።